ስለ ተከፈተችው የእንግዳ ሚሪንዳ

ለጓድ ፈንታሁን አስረስ
የሕፃናት ስፖርት ቀን አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኮምቦልቻ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፀሐይ ላይ አቁሞ የማይደክመው ድምፅዎ ደኅና ነው ወይ? እኔ ልብስ ሰፊዋ ጣይባ እንድሪስ፣ የከሪማ እናት፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነውና፣ የመጀመሪያውን ረጅም ደብዳቤዬን ለእርስዎ ማድረጌን እንደ ውለታ ምላሽ ይቁጠሩልኝ። በኅብረት ሱቁ በር ላይ የለጠፍኩትም ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ ለራሽን ተሰልፎ የሚውለው ሕዝብ አንብቦ ያደርስልኛል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ተሰላፊ ላስረዳ። ሲስተር አትጠገብ የምትባል ነርስ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸውን ልጆች ከደሴ ሆጤም ከሐርቡም ሰብስባ፣ በየወሩ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስታስሮጥ፣ ኳስ ስታስጫውት፣ መርፌያቸውን ራሳቸው መውጋት ስታስተምር ትውል ነበር። እኛ ወላጆች እንዲህ ያለ ልጅ ከሮጠ ይሞታል ብለን እንደ እንቁላል አቅፈን ነበር የምናኖራቸው። ከሪማ መጀመሪያ ቀን ሸሚዟን ቀዳ፣ አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ስትገባ፣ ያንን ቀዳዳ ስጠቅም ያለቀስኩት በደስታ ነው። እንግዲህ ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና የሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ። በመጨረሻው የስፖርት ቀን ልጆቹ መርፌያቸውን ተወግተው ቁርስ ሊቀምሱ ሲሉ፣ ከደሴ የሚመጡ ክቡር እንግዳ አሉና ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ማዕድ አይነካም ብለው፣ ዳቦውንና እንቁላሉን በነጭ ጨርቅ አስሸፈኑት። ወላሂ ደግ ባህል ነው፤ በእኛም ቤት አባት እጁን ሳይሰድ ልጅ አይጀምርም። መርፌው ግን ይህን ባህል አልተማረም። ሲስተር አትጠገብ መርፌው የደሙን ስኳር ያወርደዋልና የተወጋ ልጅ ቶሎ እህል ካልቀመሰ ይወድቃል ብላ እያስረዳች ብትለምንዎ፣ «ዲሲፕሊን ከዳቦ ይቀድማል» አሏት።

2ኛ. ስለ መፈክሩ። እንግዳው እስኪደርሱ ልጆቹ ሥራ እንዳይፈቱ፣ «ጤናማ ሕፃናት የአብዮቱ ተረካቢዎች» የሚል ረጅም ጨርቅ አስይዘው በሰልፍ አቆሟቸው። ጨርቁን የሰፋሁት እኔው ነኝና ከአጥር ውጭ ሆኜ በኩራት አይ ነበር። ከዚያ የከሪማ በኩል ዘንበል አለ። ልጄን ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እርስዎ ግን ቀጥ አድርጊው እያሉ ይቆጧታል። ጥቂት ቆይታ የማይገባ ነገር መለፍለፍ ጀመረች፤ ጉልበቷም ከዳት። አጃኢብ ነው፣ ጤናማ ሕፃናት የሚለው ጨርቅ እላይዋ ላይ ወደቀ።

3ኛ. ስለ ንብረት ተቆርቋሪነትዎ። ሲስተር አትጠገብ ሮጣ ከክብር ጠረጴዛው ላይ የእንግዳውን ሚሪንዳ አንሥታ፣ በጥርሷ ከፍታ፣ ልጄ መዋጥ ሳያቅታት አጠጣቻት። እኔም አጥሩን አልፌ አጠገቧ ደርሼ ነበርና፣ ከሪማ ዓይኗን ገልጣ «እማ» ስትለኝ አብሬ ነፍስ ዘራሁ። እርስዎ ግን ጠርሙሱን እያዩ «የእንግዳውን መጠጥ ማን ፈቀደልሽ?» አሉ። ይህን ጥያቄዎን እስክሞት አልረሳውም።

በሳምንቱ ለሕፃናቱ ደኅንነት ሲባል የስፖርት ቀኑ እንዲቀር ወሰኑ፤ ነርሷንም ሂስ አስወረዱባት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ አይደል? ልጄን የጣላት ሩጫ አልነበረም፤ አንዲት እርምጃ እንኳ አልሮጠችም። አሁን ሸሚዟን ለብሳ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ሜዳው መቼ ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? ተናድጃለሁ ጓድ፤ በጨዋ ቃል የምጽፈው ሌላ ቃል ስላጣሁ አይደለም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጆቹን ቀን ይመልሱላቸው። እንግዳም ይምጣ፣ ንግግርም ይደረግ፣ ልጆቹ ግን አስቀድመው ይብሉ። ሚሪንዳውን እኔ እተካለሁ፤ ከሪማን ግን እርስዎ አይተኩልኝም።

ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ቁርስዎን በሰዓቱ ይስጥዎ እያልኩ፣ መልስዎን እንደ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምጠብቅ፣

አክባሪዎ ጣይባ እንድሪስ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ክቡር እንግዳው ረፋዱ አልፎ ሲደርሱ ለምን እንደዘገዩ ሾፌራቸውን ጠይቄው ነበር። እንግዳው ራሳቸው ስኳር አለባቸው አለኝ። መርፌ ከወጉ በኋላ ሳይበሉ መኪና እንዳይገቡ ሐኪም ስላዘዛቸው፣ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብለው ቁርሳቸውን ጨርሰው ነው የመጡት። ሚሪንዳዋንም ቢያገኟት አይጠጧትም ነበር።