የሞት ሁለተኛ ዓይን

ሰኞ
እድሩ በመጨረሻ ተስማማ። ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥበት ቤት በር ላይ መስቀል ይሳል ሲባል ሙስሊሞቹ፣ ጨረቃ ሲባል ክርስቲያኖቹ እምቢ ብለው ከርመዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽፈራው፣ "የሁላችንም የሆነው ሞት ብቻ ነው፤ እሱ ይሳል" አሉና ሥራው ለእኔ ደረሰ። የዲላን ባጃጅና ሱቅ ስቀባ ኖሬ አሁን ደግሞ ሞትን! እማዬ አርብ ቀዶ ጥገና አለባት፤ ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኝቷል። ሞትን ለማሳል ከሳምንት ሁሉ ይሄኛውን መረጡ።

ማክሰኞ
ከስልኬ ማጭድ የያዘ አፅም ገልብጬ ነደፍኩ። ጋሽ ሽፈራው ገና ሲያዩት፣ "ይሄማ የመብራት ምሰሶ ላይ ያለው ነው፤ ሰው በሩ ኤሌክትሪክ ያለው ይመስለዋል" አሉ። ሳቅኩና አጠፋሁት። ጋቢ የለበሰ መንገደኛ አደረግኩት። ፊቱን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳል ያስተማረኝ እሱ ነው። እናቴን ለሚያስፈራራ አንዱም ይበዛበታል።

ረቡዕ
ጋሽ ሽፈራው ተቆጡ። "አንቺ ልጅ፣ ሞት ምን አጠፋ? የተላከ ነው። የላከውን ልትሰድቢ ነው?"
ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ የምትደግፈኝ መስሎኝ ነገርኳት። ለሆስፒታል ልብሷን እያጣጠፈች፣ "ሁለተኛውንም ዓይን ጨምሪለት" አለች። "በአንድ ዓይን የሚያይ ይሳሳታል። ደህና አድርጎ ካየኝ ልጅ እንዳለኝም ያያል።"
ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ ሥር አለቀስኩ።

ሐሙስ
ፊቱን ወደ ሰው አዞርኩት። አንዱ ዓይን አለቀ። ሁለተኛውን ነጩን ቀባሁ፤ ብሌኑ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ብሩሹን አጥቤ ገባሁ።

አርብ
ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። ጋሽ ሽፈራው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለምን ተቸገሩ ስላቸው፣ "እድር ለሞተ ብቻ ነው እንዴ?" አሉ። ማታ እማዬ ከቀዶ ጥገናው ወጣች። ትተነፍሳለች።

ቅዳሜ
እማዬ ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ በሩ ነው። ብሌኑ እንደቀረ ስነግራት፣ "ታዲያ በአንድ ዓይኑ ነው የተወኝ?" ብላ ስፌቷን ይዛ ሳቀች። ነርሷ ሁለታችንንም ተቆጣችን። የእብጠቱ ምርመራ ውጤት ገና ነው፤ ምን እንደሚል አላውቅም።
"ሂጂ ጨርሺለት" አለችኝ።
ከሰዓት ሄጄ ብሌኑን አስገባሁ። ትንሽ ፈራሁ። ራቅ ብዬ አየሁት፤ እሱም አየኝ። እናት እንዳለችኝ ያየ መሰለኝ።