ራይስ ዋኒስ ሲድሆም እና በአገዳው ሥር የቀረው ክፍል

ራይስ ዋኒስ ሲድሆም ከአባታቸው ከራይስ ሲድሆም ባኺት፣ ከእናታቸው ከጋሊላ መርቆርዮስ በኅዳር ወር 1933 በላይኛው ግብፅ በቂፍት ከተማ ተወለዱ። ዓመቱም ወሩም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የቂፍት ሰው ማን እንደ ሆነ ለቂፍት ሰው አይነገርም። ከሩቅ ለመጣችሁ ለቀስተኞች ግን ይህን ያህል እንበል፦ ከአሌክሳንድርያ እስከ ኑብያ በዚህ አገር መሬት ቆፍሮ የጥንት ነገር ያወጣ ፈረንጅ ሁሉ፣ እውነት አውጥቶ ከሆነ፣ ከጎኑ አንድ የቂፍት ሰው ቆሞ ነበር። መጽሐፉን ፈረንጁ ይጽፋል፤ መሬቱን ያነበበው የእኛ ሰው ነው። ራይስ የምንለውም የእነዚህን ቆፋሪዎች አለቃ ነው። በራይሶችም መካከል ከራይስ ዋኒስ የሚስተካከል ከፈርዖን ዘመን ወዲህ አልተነሣም። ከዚያ በፊትም መነሣቱ ያጠራጥራል።

በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ዳዊት ደግመዋል። መምህራቸው የነበሩት ዲያቆን፣ «ይህ ልጅ ሰሌዳውን ትቶ ወለሉን ይጭራል፤ ወስደህ ወለል ወዳለበት ሥራ አግባው» ብለው ለአባታቸው መለሷቸው ይባላል። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ሙያው ገቡ። አባታቸው ያስተማሯቸው ቆፋሪ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው እንዲቆፍር ነው። የግንበኛ ማንኪያ ሲነካው አሸዋ ይስቃል፤ ጭቃ ያጉረመርማል፤ በሰው እጅ የተሠራ የጭቃ ጡብ ግን ዝም ይላል። ማንኪያህ ዝም ያለ ቀን እጅህን ሰብስብ። ራይስ ዋኒስ ዝም ያለ ጡብ ከሃያ እርምጃ ይሰሙ ነበር፤ ነፋስ ከሌለ ከሠላሳ።

በ1956 የነቃዳ ልጅ የሆኑትን ኢስቲር ቢሻይን በተክሊል አገቡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። የሠርጉ እንግዳ ከመንገዱ አልፎ እስከ ባቡር ሐዲዱ ደርሶ ነበር፤ ባቡሩም ዘገየ የሚሉ አሉ።

በ1958 ከኤድፉ ሰሜን፣ ከዓባይ ምዕራብ ወዳለው ቀዩ ጉብታ ተጠሩ። ያ ስፍራ የጭልፊቱ አምላክ ከተማ ነው። ሜምፊስ ሳትኖር፣ ቴቤስም ሳትታሰብ፣ የላይኛው ግብፅ ሰዎች አምላካቸውን ለማገልገል የሚሄዱት ወደዚያ ነበር። ራይስ ዋኒስ በዚያ ብዙ ነገር አወጡ። ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የጠላ ጋን አግኝተው አሽትተው፣ «ጎምዝዟል» ያሉት እሳቸው ናቸው። በክብር የተቀበረውን ዝሆን ሰው ሁሉ ዐለት ነው ብሎ ሲያልፈው፣ «ዐለት ጉልበት የለውም» ብለው ሰውን ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ግን እሳቸው አያነሡትም ነበር። የሚያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬውም ታሪክ ስለዚያ ነው።

በመጋቢት 1967 የሥራው ወቅት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከበረሃው ወደ እርሻው በሚወርደው ዳርቻ ማንኪያቸው ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን አንድ ክፍል ተገለጠ። ከዚህ መድረክ የማይሰፋ፣ ግድግዳው በጭቃ ጡብ የተሠራና በልስን የተለሰነ ነበር። በልስኑም ላይ ነጭ ጀልባዎች፣ በጀልባዎቹም መካከል በቀይ ቀለም የተሣለ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው ነበር። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሌናርት የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ዋኒስ፣ ይህን በቀረን ሁለት ቀን የሚነካ ሰው ወንጀለኛ ነው። ድፈነው። በጥቅምት ሠዓሊ ይዤ እመጣለሁ» አሉ። ሦስት ፎቶ አነሡ። ሁለቱን ብርሃን አበላሸባቸው። በሦስተኛው ላይ የሚታየው የራይስ ዋኒስ አውራ ጣትና የመለኪያው እንጨት ነው፤ ከጀርባው አንድ ነጭ ነገር አለ፤ ጀልባ ነው ብሎ ላመነ ጀልባ ነው።

ራይስ ዋኒስ እንደ ታዘዙት ደፈኑት። የእርሻ አፈር ጨው አለው ብለው ከበረሃው ንጹሕ አሸዋ በአህያ አስመጡ፤ በወንፊት ነፉት፤ በእጃቸው አፈሰሱት። አራት መቶ የአህያ ጭነት ነው። ሁለት መቶ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ ግን በቦታው አልነበሩም። የቂፍት ሰው የከፈተውን ሲደፍን ከታች ምልክት ይተዋል፤ በኋላ የሚቆፍር ሰው ከእሱ በፊት የነበረ እንዳለ እንዲያውቅ ነው። ራይስ ዋኒስ የሚጠጡበትን የሻይ ብርጭቆ ከቀዩ ሰው እግር ሥር አኖሩ።

ከላይ ግን ምልክት አላደረጉም። ብረት ቢተክሉ ሌባ ያየዋል። ስለዚህ ቦታውን በእርምጃቸው ለኩት። መንታ ራስ ካለው ዘንባባ ወደ ርግብ ማማው ፊታቸውን አዙረው መቶ ዐሥራ አራት እርምጃ፤ ከዚያ በሬ ወደሚያዞረው የውሃ መንኮራኩር ሠላሳ ሰባት። ዘንባባው፣ ማማውና መንኮራኩሩ አያቶቻቸው ያዩዋቸው ነበሩ። ሰው የማያነሣቸው ናቸው አሉ። በሕይወታቸው የሠሩት ስሕተት ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

በሰኔ የስድስቱ ቀን ጦርነት ሆነ። በጥቅምት ማንም አልመጣም። ዶክተር ሌናርት በ1971 በአገራቸው ዐረፉ። ራይስ ዋኒስ ሌላ ቦታ እየሠሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠበቁ። በ1978 አዲስ ቡድን ፈቃድ አግኝቶ ሲጠራቸው ጋቢያቸውን ደርበው በመጀመሪያው ባቡር ሄዱ። ደርሰው የቆሙበት ግን አገዳ ነበር። በዓባይ ላይ ትልቁ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለ፤ ውሃ ካለ አገዳ አለ፤ አገዳው ቁመቱ ከግመል ይበልጣል። ዘንባባው ተቆርጦ የቤት ማገር ሆኗል። ማማው ወድቋል። በመንኮራኩሩ ፋንታ ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ቆሟል። ራይስ ዋኒስ እርምጃቸውን ይዘው ቀሩ፤ የሚነሡበት ቦታ ግን አልነበረም።

የመሬቱ ባለቤት ሐጂ አብደልመውጁድ፣ አንደበቱ እንደ ማጭዱ የሆነ ደግ ሰው፣ አገዳው በተቆረጠ ቁጥር፣ ሥሩ እንደገና ሳያቆጠቁጥ፣ በዓመት አንዲት ጉድጓድ ፈቀደላቸው። የቅርሱ ተቆጣጣሪ ይቆማል፤ ይቆፈራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደፈናል። ሐጂው አጥሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ራይስ፣ ዘንድሮስ የት ልትቀብረኝ ነው?» ይል ነበር። ራይስ ዋኒስም «ለአንተ የሚበቃ ጉድጓድ አራት ዓመት ይፈጃል» ይሉት ነበር። አንድ ዓመት ሐጂው ሻይ ሲቀዳ፣ «ፈርዖኑ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል፤ የቀረኸው አንተ ነህ» አላቸው።

ከ1979 እስከ 2009 ሠላሳ አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ። አዲሶቹ ምሁራን መልካም ሰዎች ነበሩ፤ አይስቁም ነበር። ግን በመጽሐፋቸው ስለዚያ ክፍል ሲጽፉ «ራይሱ እንደሚሉት» ይላሉ። ራይስ ዋኒስ ፈረንጅኛ ባያነቡም ያቺን ቃል በመልኳ ያውቋት ነበር። በአገዳው ሥር ውሃው በየዓመቱ ከፍ እንደሚልም ያውቁ ነበር። የጭቃ ጡብ ደረቅ ሆኖ አምስት ሺህ ዓመት ይኖራል፤ እርጥበት ከነካው አንድ ክረምት አይሻገርም። እሳቸው የሚሯሯጡት ሰው እንዲያምናቸው ብቻ አልነበረም፤ በእጃቸው የደፈኑት ሰው በጭለማ ውስጥ ከእግሩ ጀምሮ ሲሟሟ ይታያቸው ነበር።

ቤታቸው በቁፋሮው ወራት ባዶ ነበር። የልጃቸው የፌብሮንያ ቀለበት የታሰረ ቀን እንኳ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ባለቤታቸው ኢስቲር ለአርባ ስምንት ዓመት አብረዋቸው ሲኖሩ ያጉረመረሙት ጥቂት ነው፤ ያጉረመረሙት ግን አይረሳም። በታመሙ ጊዜ፣ «አንተ ሰው፣ እኔን ስትቀብረኝ የት እንደ ቀበርከኝ በወረቀት ጽፈህ ያዝ» አሏቸው። በ2004 ዐረፉ። ራይስ ዋኒስም የባለቤታቸውን ስም በድንጋይ አስቀረጹ፤ በፊትም በኋላም፣ በጎንም። በቂፍት መቃብር ውስጥ አራት ጊዜ ስሙ የተጻፈበት መቃብር የእሳቸው ብቻ ነው። አራተኛውን ደርሶ ያየው የለም፤ አለ ግን።

በየካቲት 2009 ሠላሳ አንደኛዋ ጉድጓድ ተቆፈረች። ራይስ ዋኒስ የሰባ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ገመዱን የያዘው የእኅታቸው ልጅ ፋኑስ ነው። በሰው ቁመት ልክ ውሃ መጣ። ከውሃው በታች ጥቁሩ ጭቃ አልቆ ቢጫ አሸዋ ታየ፤ የተነፋ፣ ጠጠር የሌለበት፣ የበረሃ አሸዋ። ራይስ ዋኒስ እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ትከሻቸው እጃቸውን ሰደዱ። ብዙ ቆዩ። ሲያወጡት በእጃቸው የሻይ ብርጭቆ ነበረ፤ ጠርዙ እንኳ አልተሸረፈም።

ፋኑስ በደስታ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አጎቱ ዝም አሰኙት። እጃቸውን መልሰው ሰደዱ፤ አሁን ግድግዳውን ፍለጋ። ማንኪያውን ተቀብለው በውሃው ውስጥ ጫሩ፤ አዳመጡ። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ። ዝም የሚል ነገር አልነበረም፤ በሁሉም በኩል ያጉረመርማል። መዳፋቸውን ሲያወጡ እንደ ገንፎ የላላ ጭቃ ሞልቶት ነበር። በመካከሉ ትንሽ ቀይ ነገር አለች። የጣታቸውን ጥፍር ያህል ነበረች። እያዩዋት ውሃው ይዟት ወረደ።

ተቆጣጣሪው ወጣት ቀርቦ፣ «ራይስ፣ ምን ተገኘ?» አለ።

«አሸዋ» አሉ።

«አሸዋማ የትም አለ፣ አባባ።»

«ልክ ነህ፣ ልጄ» አሉት። ሐጂ አብደልመውጁድም ከአጥሩ ወርዶ ጉድጓዱን አየ፤ የሻይ ብርጭቆውን አየ፤ የዚያን ቀን የሚቀልድበት አላገኘም። ፋኑስ፣ «ብርጭቆውን ለቡድኑ አናሳይም ወይ፣ አጎቴ? አሁን እኮ ያምኑዎታል» ሲላቸው፣ «ምኑን ይመኑ? በብርጭቆ ሻይ እንደ ጠጣሁ?» አሉና መልሰው ወደ ነበረበት አወረዱት። «ብርጭቆው የቦታው ነው። ድፈን» አሉ። ተደፈነ። በዚያ ዓመት መጽሐፍ ስለ ጉድጓዷ ሁለት መስመር ተጽፏል፦ አሸዋ ተገኝቷል፤ ግንብ የለም። «ራይሱ እንደሚሉት» የሚለው ቃል እንኳ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ሰባት ክረምት ቂፍት ተቀመጡ። የሙያው አቧራ ሳንባቸውን ይዞት ነበር። በኬና ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተኝተዋል። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን በብርሃን ላይ ይዞ፣ «እንዲህ ያለ ሳንባ አይቼ አላውቅም» ብሏል፤ ሐኪሙ ይህን ያለው በአድናቆት እንዳልነበር መናገር ግድ ይሆናል። በመጨረሻው ሳምንት ፋኑስ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እንደ ሙያው ወግ፣ በመቃብር ከእግርዎ ሥር አሁን የሚጠጡበትን የሻይ ብርጭቆ ላኑርልዎ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ያስደስታቸዋል ብሎ ነበር።

«ተው» አሉት። «ብርጭቆ የሚቀመጠው ተመልሶ ለሚከፍት ሰው ነው።»

አጠገባቸው የነበሩት ቄስ፣ «ራይስ፣ ትንሣኤ አለ እኮ» ሲሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አባታችን፣ በጥቅምት እመጣለሁም ተብዬ አውቃለሁ» አሉ።

ራይስ ዋኒስ ሲድሆም በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 20 ቀን 2016፣ አገዳ በሚቆረጥበት ወቅት፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። በኬና መድኃኒት ቤት ያለው ልጃቸው ባሲሊ፣ በኩዌት የሚኖረውና በዛሬው ቀን መድረስ ያልቻለው ልጃቸው ጋታስ፣ በነቃዳ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ፌብሮንያ፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ይህን የጻፈው የእኅታቸው ልጅ ፋኑስ ከኋላ ቀርተዋል። ከልጆቻቸውም ከልጅ ልጆቻቸውም ማንኪያ የያዘ የለም። ሐጂ አብደልመውጁድ በዘጠና ዓመቱ በሰው ተደግፎ መጥቶ በመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስለ ጉድጓዶቹ ማንም እንዳይጠይቀው ለምኗል።

መቃብራቸው ከባለቤታቸው ከኢስቲር በስተቀኝ ነው። ስፍራው በድንጋይ ስለ ተጻፈ አይጠፋም። ፋኑስ የአጎቱን ብርጭቆ በኪሱ ይዞ መጥቷል፤ እንደ ቃላቸው ይዞት ይመለሳል። የደከሙትን ሁሉ የሚያሳርፍ አምላክ፣ ለአባቶቻችን ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ ባዘጋጀው ደረቅ ስፍራ፣ ውሃ በማይደርስበት፣ ነፍሳቸውን ያሳርፍ። ለእኛም ቀን ሳይወሰን መጠበቁን ያስችለን። አሜን።