ከቆርቆሮው ሥር የጎዘጎዝኩት ሳር

ይድረስ ለባለቤቴ ለአያ ዘለቀ፤

ከተለያየን ዓመት ሞልቶ ሁለተኛው የኅዳር ውርጭ ገባ። ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል፤ እኔ ግን አምና ብርዱ፣ ዘንድሮ ደግሞ ንዴቱ አላስዋሸኝም። ቄሱ አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግምበት ነበር። ዛሬ አንተን ልቆጣበት ነው።

ቤታችንን ብታየው አታውቀውም። ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል። አዎ፣ ቆርቆሮ! ዳባት ላይ ስንቱን ቤት የገነባህ ግንበኛ «ቀን ምጣድ፣ ሌሊት ውርጭ» እያልክ ስታንቋሽሸው የኖርከው ቆርቆሮ። ማን አስከደነው ብለህ ደግሞ እንዳትጠይቀኝ፤ አንተው ነህ።

የአርባህ ተዝካር ዕለት፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሊነሳ ሲል የነፍስ አባታችን ኑዛዜህን አሰሙ። መዶሻህና ግድግዳ የምታቀናበት ቱምቢህ ለእህትህ ልጅ፣ ላሚቱ ለቤተ ክርስቲያን፣ ቤቱ ደግሞ ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይከደን አሉ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ምን እላለሁ? የሟች ቃል አይሻርም። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ ሰዉ በናፍቆት መሰለው።

ያን ቤት ስትሠራው እኮ አጠገብህ ነበርኩ። ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በተጋባን ዓመት ነው። በሩን ከስሜን ከሚመጣው ነፋስ አዞርከው። መስኮቱን ጠባብ አድርገህ የጠዋት ፀሐይ ወደምትገባበት ከፈትከው። ግድግዳውን ከማወፈርህ የተነሳ በመስኮቱ እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ ውጪውን አይነኩም ነበር። መደባችንን ከምድጃው ግድግዳ አስጠግተህ ሠራኸውና ድንጋዩ ማታ የጠጣውን ሙቀት እስኪነጋ ለጀርባችን ሲመልስ ያድር ነበር። በሳሩ ሥር ሆነን ዝናብ እየወረደ በሹክሹክታ እናወራ ነበር። አምና ግን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲመጣ የራሴን ሳል እንኳ አልሰማም ነበር።

ወንድሜ ሞላ ጎንደር ነግዶ ሲያልፍለት ቆርቆሮ ልስጣችሁ ብሎ የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል? አንተ ወደኔ አየህ፤ ተነስቼ የመለስኩለት እኔ ነኝ። «ምነው እቴ፣ ሸጋ ቤት ቢኖርሽ ምን ይጎዳሻል?» ቢለኝ፣ የባሌን እጅ ንቀሃል ብዬ ከበራፍ ሰደድኩት። እስከ ቀብርህ ድረስ ደጃችንን አልረገጠም። ላንተ ቃል ብዬ የእናቴን ልጅ አጣሁ። አንተ ግን ቃልህን ስትለውጥ ለኔ አልነገርክም። በታመምክበት ጊዜ ሁሉ ውኃ ወደ አፍህ የማደርስ፣ እግርህን የማሽ እኔ ነበርኩ። ለመናገር ጉልበት ሳታጣ ለነፍስ አባትህ ነገርክ።

ቆርቆሮውን ሞላ ራሱ በማኪና ጭኖ አመጣው። አላሾፈብኝም፤ ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ አማረባት አለ። እኔ ግን አምና ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮው ላብ ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነቃሁ። ጋቢዬ ረጠበ፣ ደረቴን ሳል ያዘኝ። እኩለ ቀን ሲሆን ደግሞ ውስጡ አላስቀምጥ ብሎኝ በገዛ ቤቴ ጥላ ደጅ ላይ ዋልኩ።

በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። የንስሐ ምስጢር አይደለም ብለው ነገሩኝ። አንተ «ሳር በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ እኔ ከሞትኩ ማን ያጭድላታል፣ ማን ጣሪያ ላይ ይወጣላታል፣ የሰው ደጅ ስትጠና ልትኖር ነው፤ ቆርቆሮ ግን ምንም አይጠይቃትም» ብለህ ነበር አሉ።

አዝነህልኝ ነው፤ ገብቶኛል። ሲገባኝ ግን ይብሱን ተናደድኩ። ሚስትህ ሳር ከዳኝ ፈልጋ ማሠራት የማትችል መሰለችህ? ወንድሜን ለማባረር ደርሼ ለዚህ ነገር ምክር ሳልደርስ ቀረሁ?

እንግዲህ ያደረግሁትን ስማ። ሳሩ ሲወርድ አላስጣልኩትም ነበር፤ በረቱ ውስጥ አስከምሬዋለሁ። የስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ሳር ስለሆነ ምስጥም አልደፈረው። ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ሞላን አስጠራሁት። ከቆርቆሮው ዝቅ አድርጎ ሸንበቆ አስረበረበልኝ፣ ከሥሩ በጭቃና በእበት አስመረገው፣ ከላዩ ያንተን ሳር ወፈር አድርገን ጎዘጎዝንበት። የጎንደር ሰዎች ኮርኒስ ይሉታል፤ እነሱ ግን ሳር አያለብሱትም። ምድጃው ዳር ተቀምጠን ከስንት ዘመን በኋላ ከወንድሜ ጋር እንጀራ ቆረስን።

ዘንድሮ ውርጩ መጣ፤ ፊቴ ላይ ጠብታ አልወረደም። ቀኑም አያቃጥልም። ዝናቡም ከሩቅ ይሰማል። ቃልህን አላፈረስኩም፤ ከሥሩ የኔን ጎዘጎዝኩበት እንጂ።

አያ ዘለቀ፣ የሰባት ዓመት ተዝካርህን በዚሁ ጣሪያ ሥር አወጣለሁ። ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር ቀና ብዬ ስምህን እጠራለሁ፣ ነፍስ ይማር እላለሁ። ቅሬታዬንም አልረሳም፤ እሱም ያንተ ነውና አብሮኝ ይኖራል። ብትነግረኝ ኖሮ ይህን ኮርኒስ አንድ ላይ እናስበው ነበር። የመጨረሻውን ብርድህን ከሥሩ ተኝተህ፣ ቱምቢህን ይዘህ፣ ሸንበቆው ተጣሟል እያልክ ታስቸግረኝ ነበር።

ባለቤትህ፣ ከዳባት