የየኔታ መጽሐፍ በዊንዶውስ 98

ጥር 5 ቀን 2001፣ ሞጣ
ዛሬም ማመልከቻ ስተይብ ዋልኩ። አራት ውክልና፣ ሁለት አቤቱታ... የሱቁ ባለቤት ጋሽ ከሊፋ ኮምፒውተራችንን መታ መታ አደረጉና፣ «ማናለሽ፣ ይሄ ሽማግሌ ዊንዶውስ 98 ከማመልከቻ ሌላ ምን ያውቃል? ከየጁቤ ከተማ ለመጣው ሰውዬ ልሸጠው ነው» አሉ። እኔስ? ያለ እሱ ምን ሥራ አለኝ? ሳላስበው «መጽሐፍ ይሠራል!» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። የማን መጽሐፍ? የአጎቴ! የቢቸናው የቅኔ መምህር፣ የኔታ አካለ ወልድ፣ ቅኔያቸውን አሳትሙልኝ ካሉ ስንት ዘመናቸው።
«እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አሳዪኝ። ወረቀቱን እኔ እችላለሁ።»
ምን ነካኝ?

ጥር 8
ወንድሜ ቢያድግልኝ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ሲዲ ላከ። ሦስት የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ ሦስቱም በነፃ! በአንድ ቀን ከሦስት ቤት ሽማግሌ የተላከባት ልጅ መስያለሁ። የቱን ልምረጥ?

ጥር 9
አንደኛው፦ ቀላል፣ መልከ መልካም። ግን አንድ መስመር ስጨምር እስከ መጨረሻው ያለው ገጽ ሁሉ ተንሸራተተ። ይቅርብኝ።
ሁለተኛው፦ ገና ሲከፈት «በዚህ ዊንዶውስ አልሠራም» ብሎ ተዘጋ። ኩራቱ!
ሦስተኛው፦ መልክ የሚባል አልፈጠረበትም። ጥቁር ሰሌዳ ብቻ። ሁሉን በጽሑፍ ማዘዝ ነው...

ጥር 15
ሦስተኛውን አገባሁ! የኔታ የቅኔ ደብተራቸውን ሲልኩልኝ «የቅዱሳን ስም በጥቁር? በእኔ መጽሐፍ አይደረግም!» ብለዋል። እኔም «ስም» የምትል ትዕዛዝ አበጀሁ፤ እሷን ያስቀደምኩበት ስም ሁሉ ቀይ ይወጣል። ማርያም ቀይ፣ ጊዮርጊስ ቀይ! መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ኅዳጉ እኩል። ብቻዬን እስክስታ ስወርድ አንድ ባለ ጉዳይ በር ላይ ቆሞ «ደኅና ነሽ ልጄ?» አለኝ። በጣም ደኅና ነኝ!

ጥር 20
መጽሐፉ በሠላሳ ቅጂ ታትሞ ተሰፋ። ነገ ቢቸና።

ጥር 21፣ ቢቸና
አውቶቡስ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። «ወረቀቱን የሰጡ፦ ከሊፋ ሙሐመድሸሪፍ»... በቀይ! በልማድ «ስም» ብዬ አዝዤ! ጋሽ ከሊፋ ከቅዱሳኑ ጋር! በሠላሳውም ላይ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።
የኔታ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ቆሙ።
«ከሊፋ ማነው?»
«ወረቀቱን የሰጡን ናቸው የኔታ። እስላም ናቸው... ስሕተቱ የእኔ ነው፣ አስተካክለዋለሁ...»
«ምኑን ታስተካክያለሽ? መጽሐፍ ያጻፈ ሰው ስሙ በቀይ ነው። ብራናውን ሁሉ ገልጠሽ እዪ። ወረቀት የሰጠ አጻፈ አይደል?»
ከዚያ ሳቁ። እኔ ሳቅኩ ልበል አለቀስኩ?

ጥር 23፣ ሞጣ
የየኔታን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው። ጋሽ ከሊፋ ስማቸውን ደጋግመው አዩ። ከዚያ መጽሐፉን ይዘው ወጡ፤ ገበያውን በሙሉ አዳረሱት! ሲመለሱ የየጁቤው ሰውዬ ኮምፒውተሩን ሊወስድ ቆሞ ይጠብቃል።
«ወንድሜ፣ የሚሸጥ ኮምፒውተር የለኝም» አሉት።
ወደ እኔ ዞረው የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። «ከእንግዲህ የምትከፍቺውም የምትዘጊውም አንቺ ነሽ።»
ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። በየመስመሩ እየነካሁት እጽፋለሁ...