ስለ ተዘቀዘቀው ነጠላዬ፣ ለፊልም ገምጋሚው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ እንዳለው፣
የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ደባርቅ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እግዚአብሔር ጤናዎን፣ ከጤናዎም ሁሉ ይልቅ ማንም ያላየውን የሚያየውን ዓይንዎን እንዲጠብቅልን እመኛለሁ። እኔ ወለተ ጊዮርጊስ የመስከረም እናት ነኝ። ልጄ ጎረቤቱን ሙሽራና ሚዜ አድርጋ በስልኳ በቀረጸችው አጭር የሠርግ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ «ሕዝብ የሚያነሣሣ ስውር ምልክት» አግኝታችሁ ፖሊስ ጣቢያ ካስገባችኋት ወዲህ፣ ስንቅ ሳመላልስ ስለ ፊልም ብዙ ተምሬአለሁና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ፊልሙን እያቆማችሁ እየመለሳችሁ ስትመረምሩ መዋላችሁን ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጭላዳዎቹ አመሰግናለሁ። ሙሽራው ሲመጣ ከኋላ በአምባራስ ገደል አፋፍ ላይ የሚታዩት ጭላዳዎች ለካሜራው ጀርባቸውን መስጠታቸው አስተዳደሩን መናቅ መሆኑን ደርሳችሁበታል። እኔ ደግሞ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ወደ ሣሩ እንጂ ወደ ሰው አያይም ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካስ ፖለቲካ ኖሯቸዋል።

ሁለተኛ፣ በድግሱ መካከል ድንገት ስለሚመጣው ጨለማ። «መጪውን ዘመን ያመለክታል» ብላችኋል። መብራት ጠፍቶ ነው። ያን ምሽት በእናንተም ቤት ጠፍቶ ነበር።

ሦስተኛው ነጠላዬ ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ አይወጣልኝም። በፊልሙ ውስጥ የሙሽራዋ እናት ሆኜ የምታዩኝ እኔ ነኝ። ነጠላዬ ተዘቅዝቋል፣ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው፤ እናንተም በሠርግ ላይ የለቅሶ አለባበስ ለከተማው ሙሾ ማውረድ ነው ብላችሁ ፈረዳችሁ። ቢሮዎ አስጠርተውኝ «እትዬ፣ ነጠላ ዝም ብሎ አይዘቀዘቅም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ዝም ብሎ አይዘቀዘቅም። ባለቤቴ ሀብተ ሚካኤል ሊማሊሞ ላይ መኪናው ገደል ገብቶ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። መስከረም ነጠላውን ለፊልሙ ብቻ እንዳቃናው ለምናኝ ነበር፤ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በጨዋታም ቢሆን እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ሌላ እናት የምትሆንላት ሰው ስላጣች እንዳለሁ ቀረጸችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ምልክት ከፈለጋችሁ ምልክቱ እኔ ላይ ነውና እኔን እሰሩኝ፣ ልጄን ልቀቁልኝ።

ደግሞስ ይህን እርስዎ ያጡታል? ለቅሶ ደርሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ ከወንድሞቼ ጎን ተቀምጠው፣ ንፍሮውን ዘግነው፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለውኝ የሄዱት እርስዎ አይደሉም? ያን ቀን ያደረግሁት ይኸንኑ ነጠላ ነው። የጭላዳ ጀርባ ያነበበ ዓይን ይህን መርሳቱ መጀመሪያ አስገረመኝ፣ አሁን ግን ያስፈራኛል። ያላየ ሰው ቢያስረዱት ይገባዋል፤ አይቶ እንዳላየ የሆነን በምን አስረዳዋለሁ? ልጄ አባቷን ቀብራ ሐዘኗን ሳትጨርስ ሲሚንቶ ላይ ታድራለች። እኔም ቤት ስገባ የምጠራው ሰው የለኝም።

ይህን ሁሉ ትርጉም በነጻ ስላስተማሩኝ ውለታዎን የማትረሳ፣ ዘወትር በፖሊስ ጣቢያው በር የምትገኝ፣ ዓይንዎ እንዳይደክም የምትጸልይ፣

ወለተ ጊዮርጊስ
የመስከረም እናት፣ የሀብተ ሚካኤል ሚስት

ተጨማሪ፦ የባለቤቴ ሙት ዓመት የሚውለው ለግንቦት ሚካኤል ነው። በወጉ መሠረት በዚያ ቀን ከሌን አውልቄ ነጠላዬን አቀናለሁ። ልጄ እስከዚያ ካልተፈታች ግን እንደተዘቀዘቀ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ በቢሮዎም ደጅ አልፋለሁ፤ ባልሽ ዓመት ሞላው፣ አሁን የምታለቅሺው ለማን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለከተማው ነው እላለሁ። ያን ጊዜ የኮሚቴው ትርጉም ትክክል ይሆናል።