የግርማ ጎል

ሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 1955

ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳነብ እንኳ መስመር የምዘለው እኔ!

ዛሬ ዲሬክተራችን ቢሯቸው ጠርተው፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር አቁመው ነገሩኝ። እሑድ የወንድሜ የግርማ መንፈቅ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ይማርበት የነበረው ኮሌጅ ቡድን ከከተማ መጥቶ፣ ከሐዲዱ ማዶ ባለው ሜዳ ከፋብሪካው ቡድን ጋር ይጫወታል። «ከጨዋታው በፊት ስለ ወንድምህ ትናገራለህ» አሉኝ። «በተለይ ስለዚያች ጎል።»

ያቺ ጎል። ግርማ ለኮሌጁ ሁለት ዓመት በግራ ክንፍ ሲጫወት ብዙ አላገባም። አምና ሰኔ በዝናብ ያገባት አንዲት ጎል ግን ለኮሌጁ ዋንጫ አመጣች። ከእኛ ከአቃቂ ሰው አንድም እዚያ አልነበረም። አሁን ግን ሁሉም አይቻለሁ ይላል።

እውነቱን በአቃቂ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ግርማ ራሱ ነው የነገረኝ። ጎሉ ፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር፣ ጓደኛው ሰለሞን የመታት ኳስ መቀመጫው ላይ አርፋ ነጥራ ገባች። አላያትም እንኳ። ቀና ሲል ልጆቹ ተሸክመውታል።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ለማንም እንዳትተነፍስ» አለኝ። ማልኩለት።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ትምህርት የለም። ሻማ ልገዛ ጋሽ ኸይሩ ሱቅ ሄድኩ። ስኳር እየመዘኑ ነበር።

«ተናጋሪው መጣ!» አሉ። «ከመሀል ሜዳ እንደመታት እንዳትረሳ። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጋሽ ኸይሩ ለዒድ ካልሆነ ሱቃቸውን ዘግተው አያውቁም።

የባቡር ጣቢያው ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው ሳቁ። «ምን መሀል ሜዳ! በቴስታ ነው እንጂ። ኸይሩ፣ አንተ ከዚህ ሚዛን ሌላ ምን አይተህ ታውቃለህ?»

«አንተስ ከባቡር ጭስ ሌላ ምን አይተሃል?»

ክርክሩ ሲጦፍ ስኳሩ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። ሻማዬን ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ጎሏ ያደገችው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቀን ከአሥር እርምጃ ነበረች። በሦስተኛው ቀን አልቃሿ ከመሀል ሜዳ አስመታችው፤ በረኛውንም አብራ ከነኳሱ መረብ ውስጥ ከተተችው። እማዬ በእነዚያ ሦስት ቀናት ቀና ያለችው ያቺ ጎል በተነሣች ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ነኝ ይህን የምነጥቃት?

ረቡዕ፣ ጥር 22

አራት ወረቀት ቀደድኩ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጻፍኩ፣ ተያዝኩ። መምህሩ አንብበው መለሱልኝ። አልቀጡኝም። ሲያዝኑልኝ አልወድም።

የሚያስጨንቁኝ፦

ብዋሽ የኮሌጁ ልጆች እዚያው ቆመው ይሰሙኛል። በእኔ ቢስቁ ግድ የለኝም፤ በግርማ እንዳይስቁ።

እውነቱን ብናገር እማዬ።

ድምፄ። ሰሞኑን እንደ ዶሮ ይሰነጠቃል።

ሌላም አለ። «በሕይወት እያለሁ» ነበር ያለኝ። መሐላው አልቋል ማለት ነው። እንዲያልቅ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ይህን በእርጋታ መጻፍ አለብኝ።

እማዬ ምስር እየለቀመች «እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አለችኝ። የመሀል ሜዳውን አነበብኩላት። ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ ሰማች።

«ከመሀል ሜዳ?»

«አዎ።»

«በእግሩ?»

«አ… አዎ።»

«አንተ ልጅ፣ የዚያን ቀን የተጫወተበትን ነጭ ቁምጣ ያጠበው ማን ይመስልሃል?»

ወረቀቱን አጠፍኩ።

«የኳሱ ጭቃ እንደ ሳህን ክብ ሆኖ መቀመጫው ላይ ታትሟል! ስፌቱ ሳይቀር ይታያል። ሦስት ጊዜ በሳሙና አሸሁት።»

ከዚያ ሳቀች። በስድስት ወር የመጀመሪያዋ ነው። ምስሩ ተደፋ። አባዬ ልቅሶ መስሎት ከጓሮ መዶሻ እንደያዘ ሮጦ ገባ። «ምነው? ምን ሆነች?» ስንነግረው መዶሻውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠና እሱም ሳቀ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ሰው ልጄን ሲያነሣልኝ አፍህን ዝጋ ልበለው?» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «አንተ ግን ወንድሙ ነህ። አንተ የሆነውን ተናገር።»

እሑድ፣ ጥር 26

ተናገርኩ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ።

«ጎንበስ ብሎ ክር እያሰረ ነበር» ስል ከኋላ የቆሙት ለመስማት ተጠጉ። «መቀመጫው ላይ» ስል ለዛሬ ብለው ሱቃቸውን ዘግተው የመጡት የጋሽ ኸይሩ አፍ ተከፈተ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ሰለሞን ከኮሌጁ ሰልፍ ወጥቶ «እውነት ነው! የመታኋት እኔ ነኝ! ዋንጫውን ይዘን ስንመለስ መንገዱን ሁሉ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጥቁር የለበሰችው እናቴ ከሁሉ በላይ ስትስቅ አየሁ።

ፋብሪካው ሦስት ለሁለት አሸነፈ። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ሲመሽ በጋሽ ኸይሩ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ሰው ከቧቸዋል። ጎንበስ ብለው የጫማ ክር የሚያስሩ መስለው ያሳያሉ፤ ጫማቸው ክር የለውም።

«ሆን ብሎ ነው እኮ! ክር የሚያስር መስሎ በረኛውን አዘናጋው። ኳሷን በጆሮው ነው የሰማት። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጋሽ ወልዴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እኔስ ምን አልኩ? ተንኮለኛ ልጅ ነበር።»

እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ። አሁን አልጋው ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን ተጠራጠርኩ። ግርማ ጫማውን ሁልጊዜ በድርብ ቋጠሮ ነበር የሚያስረው። ተፈቶበት አይቼ አላውቅም።

ቢኖር እጠይቀው ነበር።