መብራት ብንለምን ቀን ለሰጡን ክቡር ከንቲባ

ኅዳር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ
ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስለተላከልን አዋጅ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይም የጉልበትዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመኪናዎ ወርደው በአሳንሰር ቢሮዎ እንደሚገቡ በዓይኔ ስላየሁ፣ በእግር የሚሻገሩት መንገድ አጥተው እንዳይተሳሰርብዎ ሰግቼ ነው። ሹመት ያዳብር።

የከተማዋን ስም ያልጻፍሁት ዘንግቼ እንዳይመስልዎ፤ ይህ ደብዳቤ በእንጀራ መሸጫው በር ላይ በነፃ በሚታደለው ጋዜጣችን ስለሚወጣ፣ በአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ፎርት ዎርዝ ያሉትም ፕሌኖ ያሉትም ወዳጆቼ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ከንቲባ እንዲመስላቸው ብዬ ነው። በአማርኛ ስለጻፍሁም ይቅርታ አልጠይቅም። የእርስዎን እንግሊዝኛ ለመረዳት የልጅ ልጄን ናኦሚን ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠብቄያለሁና፣ እርስዎም አንብቦ የሚነግርዎ ሰው እስኪገኝ ቢታገሡ ብድር መመላለስ ነው።

አምሃ ክፍሉ እባላለሁ። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ስሆን፣ ተሰድጄ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ክፍል፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋይል ታቅፌ ወደ ከንቲባው ቢሮ ስመላለስ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከንቲባ ማለት ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የከበረ ስም መሆኑን፣ ከተማን የሚያዝና የሚያናዝዝ ሹም መጠሪያ መሆኑን ስሰማ አድጌያለሁ። እኔ በደረስሁበት ዘመን ከንቲባው በማመልከቻ ጥግ ላይ በቀይ እርሳስ «ይፈጸም» ብለው ከጻፉ፣ ቦዩ ይቆፈር ነበር፤ አጥሩ ይነሣ ነበር፤ የሚያጉረመርመውም ቤቱ ገብቶ ያጉረመርም ነበር። እንግዲህ ከዚህ በታች የፈጸምሁት ስሕተት ሁሉ የመጣው ከዚያች ቀይ እርሳስ መሆኑን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖርበት አፓርታማ ከሰፊው መንገድ ወዲህ ነው፤ ቀድሞ የምንጣፍ መደብር የነበረው ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከመንገዱ ወዲያ። በመካከላችን ያለው ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚበርበት፣ ስልሳ ክንድ የማይሞላ አስፋልት ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ የሺሃረግ ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ ስትመለስ በዚህ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ዳሌዋ ተሰብሯል። ዳሌው እግዚአብሔር ይመስገን ገጥሟል፤ ልቧ ግን አልገጠመም። ልጃችን ምናሴ ቅዳሜና እሑድ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ስለሚሠራ መኪናችን ከእሱ ጋር ትሄዳለች፤ ጎረቤት ቢያደርሳት ደግሞ፣ ስልሳ ክንድ ለማይሞላ መንገድ ሰውን ሁለት ማይል ማዞር ያሳፍራታል። ስለዚህ ይኸው ከዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያኗን በመስኮት ትሳለማለች። ነጠላዋን አጣፍታ መስኮቱ ሥር ስትቆም ሳይ የሚሰማኝን ለእርስዎ መጻፍ ስለማይገባ ትቼዋለሁ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ፈርመን አንዲት የእግረኛ መብራት እንዲተከልልን ባለፈው ዓመት አመለከትን። መልሱ ለዘገየበት ዓመት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ነሐሴ ላይ ሲደርሰን ግን በክፈፍ ገብቶ፣ መስተዋት ለብሶ፣ የወርቅ ማኅተም ታትሞበት፣ አሥራ አንድ ጊዜ «ስለሆነ» እያለ፣ ከታች የእርስዎን ፊርማ ይዞ ነበር። ናኦሚ መዝገበ ቃላት ገልጣ የወረቀቱ ርእስ «አዋጅ» ማለት ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ ቆምሁ። በእኛ ዘንድ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል፤ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም ያለ ወዮለት። ናኦሚ አንብባ ስትጨርስ ግን ፊቷ ትንሽ ቅር ብሎት፣ «ሶ አባባ፣ ላይት አልሰጡህም፤ ዴይ ነው የሰጡህ» አለችኝ። ለካስ ቅዳሜ መስከረም 30 ቀን በከተማዋ ሁሉ «በሰላም የመሻገር ቀን» እንዲሆን አውጀውልን ኖሯል። የሺሃረግ ከመስኮቷ ሳትዞር፣ «ቀኑንማ እግዜር በየጠዋቱ ይሰጠን የለ? ከእሳቸው የፈለግነው መብራቱን ነበር» አለች። እኔ ግን አዋጅ አይናቅም ብዬ ተቆጣኋት። ዛሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ዝርዝር እገባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ቀኑ አመሰግናለሁ። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላልና፣ ቀን እንደተሰጠው ቅል ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ አዋጅዎን በደረቴ ትክክል ይዤ ወደ አስፋልቱ ወረድሁ። ዓላማዬ መጀመሪያ ብቻዬን ተሻግሬ የአዋጁን ጉልበት ካየሁ በኋላ ተመልሼ ባለቤቴን ማምጣት ነበር። ሦስቱ መሥመር ቆመልኝ። በአራተኛው የመጣው የጭነት መኪና ግን አዋጁን ያልሰማ መሆን አለበት፣ የኮቴን ጫፍ ገርፎ አለፈ። ቅሉ እንደ ቅል ተንከባልሎ ተመለሰ።

፪ኛ/ በፖሊስዎ ጨዋነት እጅግ ረክቻለሁ። ይህን አይቶ የመጣው ወጣት ፖሊስ አዋጁን ከመጀመሪያው «ስለሆነ» እስከ ፊርማዎ ድረስ በትዕግሥት አነበበ፤ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ቀጥሎም ያለ መሻገሪያ ተሻግረሃል፣ በጥር ወር ፍርድ ቤት ቅረብ የሚል የክስ ወረቀት ጻፈልኝ። ከዚያም ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ ብሎ፣ ይህ ወረቀት ሕግ አለመሆኑንና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መሆኑን፣ እኔም በሚገባኝ ቀላል እንግሊዝኛ፣ በጆሮዬ ነገረኝ። ያዋጁን በጆሮ ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ትርጉሙ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ።

፫ኛ/ መሐንዲሶችዎ መብራት የሚተከለው በቂ እግረኛ ሲሻገር ወይም በቂ አደጋ ሲደርስ መሆኑን በደብዳቤ አስረድተውኛል። ቆጠራው የተደረገው ማክሰኞ ቀን ሲሆን፣ የተሻገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ቆጣሪው ራሱ ነው። ሰው ፈርቶ ስላልተሻገረ መብራት አያስፈልግም፤ መብራት ስለሌለ ሰው አይሻገርም። የየሺሃረግ ዳሌም አንድ ብቻ ስለሆነ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ሌላኛውን እንድትጨምር አልጠየቁንምና ስለ ርኅራኄያቸው እግዚአብሔር ይስጥልን።

፬ኛ/ ይህ ከሁሉ ይልቃል። በጥቅምት ወር በምክር ቤቱ ፊት እንድናገር ሦስት ደቂቃ ተፈቀደልኝ፤ ግማሹን እኔ በአማርኛ፣ ግማሹን ናኦሚ በእንግሊዝኛ ተካፈልነው። መናገሪያው ላይ ምን አየሁ? መብራት! አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አንዱም ሳይጎድል። ከተማው መብራት የለውም እያልሁ ሳማ በመክረሜ አፈርሁ፤ ለመኪና ማስቆሚያ አላገኘም እንጂ ለሽማግሌ አፍ ማስቆሚያ ሦስት ቀለም አዘጋጅቷል። የባለቤቴን ስም ልጠራ ስል ቀዩ በራ። ሕግ አክባሪ ስለሆንሁ ቆምሁ። እሷን የገጨው ሰውዬ ግን የሚቆምበት ቀይ አልበራለትም ነበር።

ከስብሰባው በኋላ እጄን ይዘው፣ ልብዎ ከእኛ ጋር እንደሆነ፣ ነገር ግን መብራት ማዘዝ የከተማው ሥራ አስኪያጅ እንጂ የእርስዎ ሥልጣን እንዳልሆነ፣ እርስዎም ከአሥራ አንድ ድምፅ አንዱ ብቻ እንደሆኑ ነገሩኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ አሳዘኑኝ። ወጥቼ በኮሪደሩ የተሰቀሉትን የቀድሞ ከንቲባዎች ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። የመጀመሪያዎቹ ጢማቸው አገጫቸውን አልፎ ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ዓይናቸው የሚያዝ ሰዎች ናቸው። እየቆየ ጢሙ ሳሳ፤ ከዚያ ከንፈር ላይ ብቻ ቀረ፤ በመጨረሻም ሙልጭ ብሎ ተላጨ። ናኦሚ ከሥር የተጻፈውን ስታነብልኝ፣ የዛሬ ሰማንያ ዓመት ግድም ነጋዴዎች ተሰብስበው ከተማ እንደ ሱቅ በተቀጣሪ ይመራ ብለው፣ ቁልፉን ለሥራ አስኪያጅ፣ ሪባን መቁረጫውን መቀስ ለከንቲባ እንዳካፈሉ ተረዳሁ። ጢሙም ሥልጣኑም በአንድ ምላጭ ሄደ ማለት ነው። ይሁንና ክቡርነትዎ፣ እኔ መዝገብ ቤት ነበርሁ፤ ሥልጣን የሌለው ሰውም ፋይል ታቅፎ ከሚመለከተው ሰው በር ላይ መቆም እንደሚችል አውቃለሁ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። የሥራ አስኪያጁ በር ከእርስዎ በር አሥር እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። መኪናም አያልፍበትም።

የምለምነው እንግዲህ ይህንን ነው፦ ሌላ ቀን አይስጡን። የሰጡንን ቀን መልሰው፣ በምትኩ እነዚያን አሥር እርምጃዎች ይሂዱልን።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ ለሪባን መቁረጫዎ ስለት፣ ለጉልበትዎም ብርታት እየተመኘሁ፣

አምሃ ክፍሉ
የቀድሞ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ የመስከረም 30 ባለቀን፣ የጥር ወር ተከሳሽ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ የሺሃረግ
መስኮታቸው ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ ሳምንት፣ ኅዳር 12 ቀን፣ የሚካኤል ክብረ በዓል ነው። የሺሃረግ የዘንድሮውን ሚካኤል በመስኮት አላሳልፍም ብላለች፤ እኔም እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እሷ ክንዴን ይዛ፣ እኔ አዋጅዎን ከፊት አስቀድሜ እንሻገራለን። መስተዋቱን ቢሰበር እንዳይወጋት አውጥቼዋለሁ። ወረቀቱን የምይዘው ፊርማዎን ወደ መኪኖቹ አዙሬ ስለሆነ፣ አልቆምም የሚል መኪና ቢመጣ ከእኛ አስቀድሞ የሚገጨው የእርስዎ ስም ነው።